ከመነዳሪ ከመቀየራችሁ በፊት እጃችሁን ጎማው ውስጥ አስገቡ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው ጥቅምት ከገባ ጀምሮ ወሬው አንድ ነው። "ጎማዬ ተነፈሰ፣ ትናንት አስለጥፌው ዛሬም ተነፈሰ፣ ይሄ ርካሽ ጎማ ምንም አይረባም።" ከልጅነቴ ጀምሮ ይሄንኑ እየሰማሁ ነው ያደግኩት እና ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፍበት ፈለግኩ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያማርርበት ነገርና የችግሩ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ አይገናኙም። ጎማው ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ እሱን አልክድም፣ ግን በሳምንት ውስጥ እየደጋገመ የሚተነፍስባችሁ ከሆነ እጃችሁን ውስጡ አስገብታችሁ ሳትዳስሱ ስለ ጥራቱ ባታወሩ ይሻላል። የተለጠፈውን ከመነዳሪ (ጎማው ውስጥ ያለውን ንፋስ የሚይዘውን ላስቲክ) መልሶ የሚወጋው ብዙ ጊዜ ያው የመጀመሪያው እሾህ ነው። አልወጣም እኮ፣ እዛው ነው ያለው።

ነገሩ ለኔ ቀላል አይደለም። እዚህ ከተማ ሳይክል መዝናኛ ብቻ አይደለም፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ይሄድበታል፣ የፋብሪካ ሰራተኛው ፈረቃ ይገባበታል፣ እቃ የሚያደርስበትም አለ። እና ስንት ልጅ አውቃለሁ ጎማው እየተነፈሰ አሰልችቶት ሳይክሉን ጓዳ አቁሞ ጠዋት ማታ ለባጃጅ የሚከፍል። ደህና ሳይክል፣ ፍሬኑ የሚሰራ፣ ካቴናው ያልላላ፣ አንዲት የእሾህ ጫፍ ውስጥ ስለቀረች ብቻ አቧራ ሲጠጣ ማየት በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ከቦታው ልጀምር። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነች፣ ብርድ፣ ዳገት፣ ባህር ዛፍ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ትመጣላችሁ፣ ሞቅ ይላል፣ መሬቱም ሜዳ ነው፣ ለፔዳል የሚመች። ከዛ ወደ ሐርቡ፣ ወደ ጨፋ፣ ወደ ከሚሴ ስትቀጥሉ ሙቀቱም ይጨምራል ግራሩም ይጨምራል። ደሴ ያሉ ጓደኞቼን የሚያስቸግራቸው የጠርሙስ ስባሪና ሚስማር ነው፣ እኛን ደግሞ እሾህ። ለሳይክል የሚመቸው ሜዳ ለእሾህም የሚመች ሆኖ ነው የተገኘው፣ ጣጣችን ይሄ ነው።

እሾህ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። አጥር ላይ ያለው ቀጋና አጋም ልብስ ይቀዳል፣ እጅ ይቧጭራል፣ ጎማ ላይ ግን ያን ያህል አያስቸግርም ምክንያቱም መንገድ ላይ አይወርድም። ጎማ የሚበሳው መሬት ላይ የሚጠብቀው ነው፣ ከሱም ውስጥ ዋናው አቃቅማ ነው።

አቃቅማን ክረምት ላይ አይታችሁት ከሆነ ያምራል። መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሳብ፣ ጥቃቅን ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ፣ ትንሽ ቢጫ አበባ የሚያወጣ። ረጅም ሳር ውስጥ አታገኙትም፣ እሱ የሚወደው ሰውና ከብት የረገጠውን ገላጣ መሬት ነው፣ የመንገድ ዳር፣ የኳስ ሜዳ፣ የገበያ ቦታ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጥቅምት ህዳር ላይ ይደርቅና ፍሬው አምስት ቦታ ተሰነጣጥቆ ይበተናል፣ እያንዳንዷ ስንጣሪ ሁለት ትልልቅ ሁለት ደግሞ ትንንሽ እሾህ አላት። አንዷን አንስታችሁ መዳፋችሁ ላይ አገላብጣችሁ እዩአት እስኪ። በጀርባዋም ትውደቅ በሆዷ፣ በጎኗም ትውደቅ፣ አንድ እሾህ ወደ ላይ ቀስሮ ይቀራል፣ እንዲህ አድርጎ የፈጠራት ፈጣሪ ነው፣ የሚረግጣትን እግር ይዛ ሄዳ ሌላ ቦታ እንድትበቅል። ድሮ ይዟት የሚሄደው የከብት ሰኮና ነበር፣ አሁን የኛ ጎማም ተጨመረላት። እሾኋ ግማሽ ሴንቲሜትር ብትሆን ነው፣ ግን ላለቀ የሳይክል ጎማ ትበቃለች፣ ከመነዳሪው እኮ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር እንኳን የማይሞላ ብዙ ነው። ደግሞ በአንዴ አያስተነፍስም። ማታ ቤት ስትገቡ ጎማው ደህና ነው፣ ጠዋት ስትነሱ ቸርኬው መሬት ነክቶ ታገኙታላችሁ፣ ለዛ ነው ሰው "ምንም ሳይነካው ተነፈሰ" የሚለው።

ግራሩ ደግሞ ሌላ ነው። ዛፉ ላይ እያለ ማንንም አይነካም፣ የሚመጣው ሲቆረጥ ነው። ማሽላው ታጭዶ ሲከመር ከብት እንዳይገባበት ክምሩ በእሾህ ይታጠራል፣ በረቱም ይታጠራል፣ ታዲያ ገበሬው የግራሩን ቅርንጫፍ ቆርጦ በገመድ አስሮ መንገድ ለመንገድ እየጎተተ ነው የሚወስደው፣ የጎተተበት ሁሉ እሾህ ይቀራል። በጋው ሲጠና ደግሞ እረኞች ለፍየል ቅርንጫፍ ይመለምላሉ፣ የተረፈው እዛው ይደርቃል። ገበሬውን አልወቅስም፣ ክምሩ የዓመት ቀለቡ ነው፣ እሾህ ካላጠረበት ምን ሊያጥርበት ነው። ግን የሚጎተትበትን ወር ማወቅ ለኛ ለሳይክል ነጂዎች ብዙ ይረዳል። ህዳርና ታህሳስ ላይ ወደ ጨፋ አካባቢ በውስጥ መንገድ ስትሄዱ መሬቱ ላይ ጥርግ ጥርግ ያለ መስመር ካያችሁ የተጎተተ ቅርንጫፍ ነው፣ ከዛ መስመር ውጡ።

ወደ ባቲ ሲኬድ ሶስተኛ አለ፣ ፕሮሶፒስ። ይሄ የሀገራችን ዛፍ አይደለም፣ ምንጩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው፣ በደርግ ጊዜ አፈር እንዲይዝና ጥላ እንዲሆን ተብሎ አፋር ላይ ተተክሎ ከዛ በራሱ መንገድ ተስፋፋ። ከብቱና ግመሉ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩ በፋንድያው ይወጣል፣ ባረፈበት ይበቅላል። እሾሁ ጠንካራ ነው፣ የመኪና ጎማም ይበሳል፣ የከብት እግርም ያቆስላል። ለሰኞ ገበያ ወደ ባቲ በሳይክል የምትወርዱ ካላችሁ (መመለሻው ዳገት እንደሆነ ሳትረሱ) ከአስፋልት ባትወጡ ነው የምመክረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ጊዜ ከሐርቡ ስመለስ የኋላው ጎማ ተነፈሰብኝ። በዛው ሳምንት ጎሚስታ ጋር ተለጥፎ ነበር፣ እንደገናም ተለጥፎ ነበር፣ ሁለቱም ጊዜ ከመነዳሪው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ቀዳዳው ተገኝቶ ተለጥፎ ተመልሶ ገባ፣ ጎማውን ግን ማንም አላየውም። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሳይክሉን እየገፋሁ አንድ ደጅ ጋ ደረስኩ፣ እናትየው ዛፍ ስር ቡና እያፈሉ ነበር። ገና ሲያዩኝ "አብሽር ልጄ፣ ና እረፍ፣ ውሃ ጠጣ" አሉኝ። ጎማውን አውልቄ ገልብጬ በጣቴ ውስጡን ስዳስስ አንድ ቦታ ላይ ጣቴን ጠቅ አደረገኝ። በአይን ብታዩት ምንም የለም። ጎማውን በሁለት እጄ ለጠጥ ሳደርገው ከውስጥ በኩል ጥቁር ነጥብ ብቅ አለች፣ ስለቀው ተመልሳ ገባች። የግራር እሾህ ጫፍ ናት፣ ውጪ በኩል ከጎማው እኩል ተሰብራ ቀርታ በጥፍር የማትያዝ፣ ሰው ሲቀመጥበትና ጎማው ሲጫን ብቻ ወደ ውስጥ ብቅ የምትል።

እማማ አንገታቸው ላይ ካለው ማተብ የሚመስል ገመድ ወረንጦ አውጥተው "እስቲ አምጣ" አሉኝ። ወረንጦ ታውቃላችሁ አይደል፣ እናቶቻችን ከእግር እሾህ የሚያወጡባት ትንሿ ብረት። "ልጠጥልኝ፣ በርታ በል" አሉኝ፣ ለጠጥኩላቸው፣ ጫፏን ያዝ አድርገው ሳብ ሲያደርጓት ወጣች፣ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች ወላሂ። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ለልጆቹ አሳዩአቸው። "እግርም እንደዚሁ ነው፣ ስሩ ካልወጣ ቁስሉ አይድንም" አሉ። ከዛ "ቡናው ደርሷል፣ ጀባ" ብለው ሲኒውን ሰጡኝ። እሳቸው በሁለት ደቂቃ የጨረሱት ስራ ነው ሁለት ጊዜ ከፍዬበት ያልተሰራው። አላህ ጤና ይስጣቸው።

ከዛ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጎማው ሲተነፍስ ወዲያው እሾህ አልነቅልም። እሾሁ ከውጪ ከታየና ጎማው ገና ትንሽ ንፋስ ከያዘ ቀዳዳውን ራሱ እሾሁ ደፍኖት ሊሆን ስለሚችል ጥላና ውሃ ያለበት እስክደርስ እነዳለሁ፣ ከነቀልኩት ግን በቃ እዛው ነው የምቆመው። ሙሉ በሙሉ ከወረደ ግን አይነዳም፣ እሾሁ ከመነዳሪውን በሁለቱም በኩል ይበሳዋል፣ ቸርኬውም ይቆርጠዋል።

ጎማውን በማንኪያ እጀታ ሳወልቅ ከመነዳሪው በየት በኩል እንደነበረ አስታውሳለሁ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቫልቮላው ጋር ጎማው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ፣ ከዛ ከመነዳሪው ላይ ቀዳዳው ሲገኝ ከቫልቮላው ያለውን ርቀት በስንዝር ለክቼ ጎማው ላይ በዛው ርቀት ብፈልግ እሾሁን እዛው አካባቢ አገኘዋለሁ። ከመነዳሪው ተገልብጦ ከሆነ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ መለካት ነው። ቀዳዳው ሳፋ ውሃ ውስጥ ሲነከር በአረፋው ይታወቃል፣ መንገድ ላይ ውሃ ከሌለ ነፍቶ ወደ ከንፈርና ጉንጭ ማስጠጋት ነው፣ ጣት የማይሰማውን ንፋስ ከንፈር ይሰማዋል። ቀዳዳውን እዩት ደግሞ፣ አንድ የመርፌ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ነው፣ ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቅ ከሆነ ግን እሾህ አይደለም፣ ንፋስ አንሶት ድንጋይ ላይ ስትወጡ ቸርኬው ነው የቆነጠጠው፣ እሱን ለማስቀረት ንፋሱን በልኩ መሙላት ነው። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፣ ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ሳይክል ላይ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው።

ከዛ ጎማው። ውስጡን ዙሪያውን ቀስ አድርጋችሁ በጣት፣ መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ ከዛ በተቃራኒው፣ ምክንያቱም አግድም የገባ እሾህ በአንድ በኩል ስትዳስሱት ይተኛል፣ ስትመለሱበት ነው የሚይዛችሁ። እጃችሁ እንዳይቧጨር ብላችሁ የምትፈሩ ከሆነ ካልሲ እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ ዳስሱ፣ ክሩ ይያዝና ቦታውን ያሳያችኋል። ከውጪ ደግሞ እየለጠጣችሁ እዩ፣ አቃቅማ ካለፋችሁ አንድ ብቻ አይደለም፣ አንዱን አግኝታችሁ ደስ ብሏችሁ እንዳትዘጉት። ወረንጦ እኔ አሁን ከፖምፓው ጋር አስሬ ነው የምይዘው። ጎሚስታዎች በፒንሳ ይሞክራሉ፣ ፒንሳ ግን አፉ ወፍራም ስለሆነ እሾሁን ይበልጥ ይሰብረዋል።

መለጠፉ ላይ የማየው ችግር ደግሞ ችኮላ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱ ዙሪያውን በደንብ ካልፈገፈገው አይይዝም፣ ማስቲሹም ስስ ተደርጎ ተቀብቶ 5 ደቂቃ ያህል ንፋስ ማግኘት አለበት፣ በጣት ስትነኩት እጅ የማይዝ እስኪሆን፣ ከዛ ነው ልጣፊው የሚቀመጠው። እርጥቡ ላይ የሚለጥፍ ጎሚስታ ካያችሁ በትህትና "ጋሼ ትንሽ ይድረቅልኝ፣ አልቸኩልም" በሉት፣ አይቆጣም፣ እሱም የሚቸኩለው ሰዉ ስለሚያስቸኩለው ነው። የመኪና ኮምፕረሰር የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እያቋረጠ እንዲሞላው ንገሩት፣ የሳይክል ጎማ ትንሽ ንፋስ ነው የሚይዘው፣ በአንድ ትንፋሽ ይፈነዳል።

"እሾህ የማይበሳው ነገር የለም ወይ" የምትሉ አላችሁ። ልጆቹ የሚያደርጉት አለ፣ ያረጀ ከመነዳሪ በቁመቱ ቀደው ጎማውና አዲሱ ከመነዳሪ መሃል ያነጥፋሉ፣ አቃቅማን በደንብ ይከላከላል፣ ለረጅም ግራር ግን አይበቃም፣ ሳይክሉንም ትንሽ ያከብደዋል። ካደረጋችሁት የቆረጣችሁበት ጠርዝ ሻካራ እንዳይሆን፣ እሱ ራሱ እያሻሸ ከመነዳሪውን ይበላዋል፣ የህፃን ፓውደር ነስነስ ማድረግ ይረዳል። ወፍራም ከመነዳሪም አለ፣ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ ማሸጊያም አለ፣ ፈሳሹ በእሾህ ቀዳዳ ላይ ጥሩ ነው ግን ከጊዜ በኋላ ይደርቃል። ድፍን ጎማ የሚያስገቡም አይቻለሁ፣ እሱን አልወደውም። ንፋስ የሚሞላ የሳይክል ጎማ በፈረንጆቹ 1880ዎቹ መጨረሻ ላይ ቤልፋስት የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሶስት እግር ሳይክል ብሎ ሰርቶ ነው የተስፋፋው፣ ከዛ በፊት ድፍን ነበር፣ ሰው ድፍኑን የተወው ወገብ ስለሚሰብር ነው። የኛን ኮረኮንች በድፍን ጎማ መንዳት ለወገብ አይሆንም።

አንድ ሌላ ነገር አለ ሳልለው የማላልፈው። ከኮምቦልቻ የሚወጣው ዋና መንገድ ላይ ከባድ መኪና ከኋላ ሲመጣ ጥሩንባውን ሲነፋ ሳይክል ነጂ ወዴት ይሄዳል? ወደ ጥጉ ነው፣ አቃቅማው ያለው ደግሞ እዛው ጥጉ ላይ ነው። ስለዚህ ሹፌሮች፣ ወንድሞቼ፣ ትንሽ ቦታ ካላችሁ ትንሽ ራቅ በሉልን፣ ለናንተ አንድ ሜትር ናት፣ ለኛ ጎማም ነው ነፍስም ነው።

እና ሰፈራችን ላይ የጀመርነው ነገር አለ። ኳስ ሜዳው ላይ ልጆች በባዶ እግራቸው ስለሚጫወቱ አቃቅማውን እየነቀልን ነው። ጊዜው ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ነው፣ ቢጫ አበባው ሲታይ፣ ፍሬው ሳይደርቅ። አንድ ዋና ስር ነው ያለው፣ ዝናብ ካራሰው በኋላ ከመሃሉ ይዛችሁ ስትስቡት እንዳለ ይወጣል። ከደረቀ በኋላ መንቀል ግን ዘሩን መበተን ነው። በአንድ ዓመት አያልቅም፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ቆይቶ የሚበቅል ስለሆነ በየክረምቱ መመለስ ይፈልጋል፣ ግን ባለፈው በጋ ሜዳው ላይ ልጆቹ "እሾህ!" ብለው ቁጭ ሲሉ ከበፊቱ በጣም ቀንሶ ነው ያየሁት። ዘንድሮ ከሜዳው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ዳርና ዳር ልንጨምር ነው። የሰፈር ልጆች የምታነቡ ካላችሁ ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ነን፣ ጓንት ያለው ጓንት ይያዝ፣ ማዳበሪያ ጆንያ ያለው ጆንያ ያምጣ፣ የተነቀለው እዛው ከተጣለ ይደርቅና ያው ነው።